የሚያነክሰው ጥሪ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ ለብሎን፣

ከእኔ የወረቀት ደብዳቤ ሲደርስህ መርዶ መስሎህ እንደምትደነግጥ ስለማውቅ ከመልሱ ልጀምር። አባባ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አላገባም። አሁን ተረጋግተህ ተቀመጥ።

ሰኞ በስልክ ለጠየቅከኝና ዝም ላልኩህ ነገር መልሱ አዎ ነው። የእኔዎቹ የአንተዎቹን ኩባንያ ከሰዋል። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ጠበቃችን፣ እኚያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬ የት ገባ የሚሉት ሴትዮ፣ አጠገቤ ቆመው ነበር። ስልኬንም ኮምፒዩተሬንም ወስደው ውስጡን ሁሉ ገልብጠው መልሰውልኛል። ከአሁን ወዲያ በስልክ የምንባባለው ሁሉ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል ብለውኛል። ወረቀትም ቢሆን ከተጠየቅን ማቅረባችን ስለማይቀር የሚያሳፍር ነገር አትጻፍ። የእኔን የእጅ ጽሑፍ ለመፍታት ግን ሌላ ባለሙያ መቅጠር ሊኖርባቸው ነው።

ክሱ ስለ ማንኳኳቱ ነው። ስልኩ ድምፅ ሳያሰማ፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ባለቤቱን የሚጠራበት ነገር አለ አይደል፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበት። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆም፣ ከዚያ አንዴ። የእኛ ስልክ በወጣ በወሩ የአንተዎቹም በዚያው ስልት እያንኳኳ ገበያ ላይ ዋለ። በአንድ ወር እንዲህ ያለ ነገር ኮርጆ መሥራት ስለማይቻል፣ ከውስጥ አሾልኮ የሰጠ ሰው አለ ነው የሚሉት። የሁለቱን ኩባንያ ሠራተኞች ስም ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ደግሞ አንድ ዓይነት የአባትና የአያት ስም በሁለቱም ወገን አገኙ።

ስልካችሁ ሲወጣ ያንተ ሥራ እንደሆነ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። አልጠየቅኩህም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ስለ ሥራችን ለማንም ላንናገር ሁለታችንም ፈርመናል፣ ቃላችንንም እንደ ሞኝ ጠብቀናል። ሌላ ቤተሰብ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ተደዋውሎ፣ ስቆ፣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ባለቤትህን ሳምልኝ። ስለ ሥራህ በደንብ ጻፍልኝ፤ ቀልዱን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

እህትህ

ይህን የምታነቡ ጠበቆች ካላችሁ፣ እናንተም እንደምን ሰነበታችሁ።


ጥቅምት 17

ለእትዬ፣

ፖስተኛው ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ ከመንግሥት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከእህቴ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ በዚህ ዘመን ለወንድሟ በወረቀት የምትጽፍ እህት አይቶ አያውቅም።

የእኛው ጠበቃ ቀጭን ሰውዬ ናቸው፣ ሲያስቡ እስክሪብቶ ያኝካሉ። የእናንተ ባለሙያ የጻፉትን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ባለሙያው ሁለቱን ስልኮች ስፖንጅ ላይ አስተኝተው ምቶቹን ለክተዋል። ሦስተኛዋ ምት ላይ ጅራት አገኙ። እንደ ሌሎቹ መትታ አታቆምም፣ ትንሽ ትጎተታለች። ጥቅም የላትም፣ ባትሪ ትበላለች፣ በሁለቱም ስልክ ላይ ቁርጥ አንድ ናት። ሁለት ሰው በየፊናው አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊያስብ ይችላል፣ በየፊናው አንድ ዓይነት ስህተት ግን አይሳሳትም፤ ስለዚህ ኩረጃ ነው ብለው ደምድመዋል።

አንብቤ ስጨርስ ሳቅኩ። እትዬ፣ ያ ስህተት አይደለም። የእማዬ ግራ እግር ነው።

አንቺ እንደምታውቂው አውቃለሁ፤ ግን ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ አንዴ ልጻፈው። የሽመና ማሽኖቹ የአባባን ጆሮ ከበሉት በኋላ እማዬ ስሙን መጥራት ትታ ወለሉን መርገጥ ጀመረች። ጣውላው ላይ ሁለቴ ዱብ ዱብ በደህናው እግሯ፣ ትንሽ ቆም፣ ከዚያ ሦስተኛውን በዚያ በልጅነቷ ተሰብሮ ጠሞ በገጠመው። እሱ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፣ ይጎተታል። ለምን በታመመው ትረግጫለሽ ብላት፣ እሱስ ለምን ሥራ ይፈታል አለችኝ። አባባ የትኛውም ክፍል ይሁን በእግሩ ሰምቶ እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ምሳ ደርሷል ማለት ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላ ስልኩን ስሠራ እጄ ሌላ ስልት እምቢ አለኝ። ያንቺም እጅ እንደዚያው እንደሆነ ያወቅኩት ስልካችሁን ገዝቼ፣ ኪሴ ከትቼ፣ ባለቤቴን ደውይልኝ ያልኳት ቀን ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ፣ ቤት ሆኜ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። ተመችቶኛል። ከታች ያሉት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ትንሽ ይረብሻሉ እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ወንድምሽ

ጠበቆች፣ ከእኔም ሰላምታ ይድረሳችሁ።


ጥቅምት 29

ለብሎን፣

ይህን ስም እማዬ ያወጣችልህ የፈታኸውን ሁሉ መልሰህ ስትገጥም አንድ ብሎን ስለሚተርፍህ ነው። ከደብዳቤህም አንድ ተርፎኛል። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል አንተ ብቻ ቤትህ የተቀመጥከው ለምንድን ነው? የበር ካርድህ ይሠራል? አዎ ወይም አይ ብለህ መልስልኝ።

ስለ እማዬ እግር ለምን አትነግሪያቸውም ማለትህ አይቀርም፤ አስቤበት ነው። ሥራውን ሳስረክብ ከራሴ የመነጨ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሁሉም ሰው ሳያነብ የሚፈርመው መስመር ነው፣ ቢሆንም ፊርማዬ አለበት። ደግሞ ሁለታችንም ከአንድ ቤት ያመጣነው ነው ካልኩ፣ እንግዲያው ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተማክራችኋል ነው የሚሉን። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱም ይብስብኛል። እማዬ ፎቶ ስትነሳ ወንበር ፊቷ አስቀምጣ የምትቆም ሰው ነበረች። ያን እግር ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ዓይን ደብቃ ኖራ፣ እኔ አውጥቼ ፍርድ ቤት ላቁመው?

ጠበቃዋ አንድ ወረቀት አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኛል። ስለሱ አልጽፍልህም። ምሳዬን ግን አጠገቡ ነው የምበላው፣ እስካሁን ወጥ አልፈሰሰበትም።

ባለቤትህ ብርዱን እንዴት ይዛዋለች? ወፍራም ካልሲ እልክላታለሁ።

እህትህ


ኅዳር 9

ለእትዬ፣

አይ። ካርዴ አይሠራም። ይኸው መለስኩ።

ጠዋት እንደ ልማዴ በሩ ላይ አስጠጋሁት፣ ቀይ መብራት በራ። በየቀኑ እጄን ጨብጦ የሚያስገባኝ ጠባቂ ጫማዬን አየ እንጂ ፊቴን አላየም። ኩባያዬንና የቢሮ ነጠላ ጫማዬን በካርቶን አውጥተው ሰጡኝ፤ ነገሩ እስኪጣራ ነው ብለው። ለባለቤቴ የዚያኑ ቀን ነገርኳት። የፈራሁት አንቺን ነው፣ ጥፋቱን ራስሽ ላይ እንደምትጭኚው አውቃለሁና። እባክሽ አትጫኚው።

ያ ወረቀትም ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ለእኔም መጥቶልኛል፣ ስሙ ተገልብጦ። በእናቴ ለቅሶ ሰሞን ሥራዬን ለእህቴ አሳየኋት፣ እሷም ወስዳ ለኩባንያዋ ሰጠችው ይላል። ብፈርም ነገ ካርዴ ይበራል፤ አንቺ ሌባ ትሆኛለሽ። ያንቺኛው ላይ ሌባው ማን እንደሆነ አትንገሪኝ። እኔ አልፈረምኩም። አንቺም እንዳልፈረምሽ ወጥ ባለመፍሰሱ ገባኝ። ስላልነገርሽኝ አልተቀየምኩሽም።

ለቅሶው ሰሞን ምን እንዳወራን ትዝ ይልሻል? ጣሪያውን። አንቺ ሙሉው ይቀየር ስትይ፣ እኔ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ብቻ ይበቃል ስል፣ ተኳርፈን ተለያየን። ጣሪያው እስከ ዛሬ ያፈሳል። ይህን ለቀጭኑ ጠበቃ ብነግራቸው እስክሪብቷቸውን ብቻ አኘኩ።

ሥራ ፈት ስለሆንኩ አባባ ጋ ሄጄ ሰነበትኩ። ሁለቱንም ስልክ ይዞ ነው የሚዞረው፣ ያንቺን በቀኝ ኪሱ፣ የእኔን በግራ። አንድ ነገር አለኝ፣ ቃሉን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ተማክራችሁ እናታችሁን ኪሴ ውስጥ ስለከተታችሁልኝ ተባረኩ። አልነገርኳችሁም እንጂ የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኳት» አለኝ።

ተማክረን አይደለም ብዬ ልጽፍለት እስክሪብቶ አነሳሁ። ፊቱን አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለወንድሜ፣

ያን እስክሪብቶ ምነው ባላስቀመጥከው። አልቆጣህም፣ እኔም ብሆን አስቀምጠው ነበር። አሁን ግን ችግር ውስጥ ነን፣ የከተትኩን ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለ ካርድህ ካነበብኩ በኋላ ጠበቃዋ ቢሮ ገብቼ የእማዬን እግር ነገርኳቸው። ለምን ተናገርሽ ብለህ መጠየቅህ አይቀርም፣ በስልክ ጀምረኸው አቋርጬሃለሁ። ወረቀቱን ላለመፈረሜ ምክንያት ጠየቁኝ፤ ያለኝ ምክንያት እውነቱ ብቻ ነበር። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እንዲህ ከሆነ ነገሩ የእኛም የእነሱም አይደለም ማለት ነው አሉኝ። ደስ አላላቸውም። ግን እኚህ ሴትዮ ክፉ አይደሉም፤ የሚያውቅ ሰው ካለ መሰማት አለበት ብለው ለቀጭኑ ጠበቃችሁ ጻፉላቸው።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን አባባን ሊጠይቁት ተስማምተዋል፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ እኛው ሕንፃ ውስጥ። እስከዚያ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ብንነግረው ምስክርነቱ ዋጋ አይኖረውም። አባባ ደግሞ ተማክረው ነው ብሎ ያምናል። እንደዚያ ካለ አለቀልን፤ ሁለታችንም ከሥራ ወጥተን፣ በዚህ ሙያ የማንኛውንም ቤት ደጃፍ አንረግጥም። የእሱ ቃል ነው የሚያወጣን፣ የእሱ ቃል ነው የሚቀብረን፣ እኛ ደግሞ አፋችንን ዘግተን መጠበቅ ነው።

እንቅልፍ የለኝም። አባባ ወፍራም ኮት ይኖረዋል?

እህትህ


ኅዳር 29

ለእትዬ፣

ኮት ገዝቼለታለሁ። እጅጌው ይረዝማል፣ ባለቤቴ ታሳጥረዋለች።

አንድም ቃል አልነገርኩትም። እሱ ግን ጥሪው ሲደርሰው በራሱ ተረጉሞታል። ልጆቹን ያሳደገ አባት ብለው ሊያመሰግኑት የጠሩት መስሎታል። ለጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ነግሯታል፣ ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ጥቁር ጫማውን ሁለቴ ጠርጎታል። ሽልማት ቢሰጡኝ ለጣሪያው አውለዋለሁ አለኝ። ፊቴን አዙሬ ሻንጣ የማስር መሰልኩ።

እኔን አያስገቡኝም፣ የታገደ ሠራተኛ ነኝና። ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመስኮት ብታዪኝ እጅሽን አታውለብልቢ፣ ያንንም ተማከሩ ይሉናል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ለብሎን፣

ጠበቆቹ ወዲያው አስቀርተውኝ አንተን ሳላገኝህ ሄዳችሁ። አባባ በአውቶቡስ ላይ የነገረህ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ውሃ ሰጡኝ የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን እኔ ልንገርህ።

ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ ሰው ሞልቶበታል። ጥያቄው በትልልቅ ፊደል ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ እሱ አንብቦ በአፉ ይመልሳል። ድምፁን ታውቀዋለህ፣ ዛሬም ማሽኖቹ መሀል ያለ ይመስለዋል። ስሙን ሲናገር ቃል የምትጽፈው ልጅ ከወንበሯ ብድግ አለች።

መጀመሪያ የጠየቁት የእናንተው ቀጭኑ ጠበቃ ናቸው። ልጆችዎ ይህን ነገር አብረው ነው የሠሩት ብለው ጻፉ። አባባ አነበበ። እኔን አየኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«እኔ እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለ። ቀጭኑ ሰውዬ ማኘካቸውን አቆሙ፣ የእኛዋ መጻፍ ጀመሩ። አባባ ግን አልጨረሰም፣ የሁሉንም ፊት በተራ ተመለከተ። «ለምንድን ነው የምትጠይቁኝ? ቢማከሩ ጥፋት አለው?» አለ። አዎ፣ ጥፋት አለው የሚል በስክሪኑ ወጣ።

ስክሪኑን ደግሞ አነበበው። ሊዋሽልን ነው ብዬ ፈራሁ፤ መዋሸት እንደማይችልበት ታውቃለህ። ከዚያ እንዲህ አለ። «እንግዲያው የማየውን ልንገራችሁ። እነዚህ ልጆች ቆርቆሮ ላይ መስማማት አቅቷቸው ይኸው እስከ ዛሬ ዝናብ በባልዲ እቀበላለሁ። ይኼን የሚያህል ነገር ተስማምተው ሠሩ ካላችሁኝ እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን ማስረጃ አምጡልኝ።»

ቀጭኑ ጠበቃ ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞክረው እስክሪብቷቸው ወደቀ። ስለ ጣሪያው ነግረሃቸው ነበርና አመኑ መሰለኝ።

ከዚያ የእኛዋ ተነሱ። ሁለት ስልክ አምጥተው፣ ተመሳሳይ ጨርቅ አልብሰው፣ በሁለት እጁ አስያዙት። አንዱን ደወሉ፣ ቆይተው ሌላውን። የትኛው የየትኛው ኩባንያ ነው ብለው ጻፉ። አባባ ስክሪኑን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደገሙት። አንድ ሰው ትከሻውን ነክቶ ጥያቄውን ሲያሳየው ጊዜ፣ «የእግሯ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አባባ ድምፁን ሲቀንስ ሰምቼ አላውቅም። «ሁለቱም እሷ ናት። ምሳ ደርሷል እያለች ነው።» የመጨረሻዋ ምት ለምን ትጎተታለች አሉት። «ያመኛል ብላ አታውቅም» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ጠበቃዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጥያቄ የለኝም ብለው ተቀመጡ። ሌላም ሰው አልጠየቀም።

እኔ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ለጠበቆቹም መንገር አያስፈልግም፣ አይተዋል።

ኮሪደሩ ላይ ኮቱን ሳለብሰው፣ «እውነት ሳትማከሩ ነው?» አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። ቁልፉን ቆልፎ ጨረሰ። «ከተማከራችሁት ይበልጣል» አለኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 23

ለእትዬ፣

ስልካችን ነፃ ሆኗል ብለሽኛል፣ ግን እጄ ወረቀት ለምዷል። ደብዳቤሽን ሦስት ቦታ አቁሜ ነው ያነበብኩት፤ አባባ በአውቶቡስ ላይ ሙሉውን መንገድ ሁለቱን ኪሱን ይዞ የተቀመጠው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ካርዴ በራ። ጠባቂው ፊቴን አየኝና ጠፍተህ ነበር አለኝ፣ እረፍት ላይ እንደነበርኩ ሁሉ። ኩባያዬን የወሰደ ሰው መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮታል፣ ሳይታጠብ።

ዜናውን ሰምተሻል። የእኔዎቹ አሸነፍን አሉ፣ የአንቺዎቹም አሸነፍን አሉ፤ በጋራ መግባባት ተፈጽሟል ነው የሚለው ጽሑፉ። አባባ የለበትም፣ እማዬም የለችበትም። ከስምምነቱ ውስጥ አንዷን መስመር ግን ቀጭኑ ጠበቃ በእጃቸው አሳዩኝ። የምቱ ጉድለት ከሁለቱም ስልክ ይወገዳል ትላለች። ባለቤት የሌለው ነገር ይዘው ነገ ሌላ ሰው እንዳይመጣባቸው ነው።

የእኛውን የሚያስተካክለው የማላውቀው ልጅ ነው። የእናንተን ማን እንደሚያስተካክለው በስልክ ብጠይቅሽ ስለ ብርዱ አወራሽኝ።

ወንድምሽ


ጥር 5

ለብሎን፣

እኔ ነኝ። ሌላ ማንን ያዛሉ? የእማዬን እግር እንዳቃና ታዝዣለሁ።

ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ በለበሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ስልኩ ፊቴ ነው። ከባድ ሥራ አይደለም፣ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚያልቅ ነው። ሦስተኛዋን ምት መትታ እንድታቆም ማድረግ። ሳላደርገው ስንት ቀን ከረምኩ፣ አለቃዬ ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር የምለካ እመስላለሁ።

አንዳንዴ፣ ብትቃናላት ትወድ ነበር እላለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ወንበር ጀርባ የቆመች ሴት ናት፤ ማነው እግሬን በዓለም ኪስ ሁሉ ያዞረው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ሌላ ጊዜ ደግሞ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ እጄ አይታዘዝልኝም። አንተ ታናሽ ነህ፣ እኔ ከቤት ከወጣሁ በኋላ እሷ ጋ የቆየኸው አንተ ነህ። እስቲ ንገረኝ፣ ላድርገው?

እህትህ


ጥር 16

ለእትዬ፣

የጠየቅሽኝን ስለማላውቅ አባባን ልጠይቀው ሄድኩ። ሄጄ ግን ጥያቄውን በወረቀት መጻፍ አቃተኝ። እናታችን እግሯ ቢቃና ትወድ ነበር ወይ ተብሎ ለባሏ አይጻፍም።

በሩ ክፍት ነበር። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ አልጋው ላይ ልብስ ያጥፋል። ገብቼ ጣውላው ላይ ቆምኩና እንደ አዲሱ አድርጌ ረገጥኩ፣ ሁለቴ፣ ቆም፣ አንዴ፣ ጥርት አድርጌ። ሳይዞር «ማነው? እንግዳ ነው?» አለ።

ወጣሁና እንደገና ገባሁ። አሁን ሦስተኛዋን ጎተትኳት። አሁንም አልዞረም። የያዘውን ሸሚዝ አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ስለጠየቅሽኝ ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም። ጣሪያው ግን አንቺ እንዳልሽው ሙሉው ይቀየር። አናጢውን አነጋግሬዋለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 4

ለወንድሜ፣

ከአባባ ቤት ነው የምጽፍልህ። ያንተ አናጢ መጥቶ ሲለካ ደረስኩ። እኔ ደግሞ ክርክሩ ሰልችቶኝ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን ብዬ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ገዝቼ በታክሲ ጭኜ መጥቻለሁ። አባባ ቆርቆሮውንም አናጢውንም አየና፣ አሁንም አልተማከራችሁም አለ።

ምቷን አቃንቻታለሁ። ፊርማ ያለበት ስምምነት ነው፣ እኔ ባላደርገው የማያውቃት ሰው ያደርገዋል፤ ከማያውቃት ሰው እኔ ይሻላል አልኩ። እማዬም ትወደው ይሆናል። ግን ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩ። ማንም የፈለገ ሰው የራሱን ማንኳኳት በጣቱ መስታወቱ ላይ መትቶ ስልኩን የሚያስተምርበት ቦታ ይኑር አልኩ። አለቃዬ ሌላ ክስ ፈርተው ለጠበቃዋ ላኩት። ሴትዮዋ መልሰው የጻፉት አንድ መስመር ነው፣ የየሰዉ ስለሆነ የሚከስ የለም የሚል። ለአንተዎቹም ንገራቸው፣ ይኮርጁት። አሁን ከማን ሰማህ ቢሉህ ከእህቴ በል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ለአባባ ሁሉንም ጻፍኩለት። ስልኩ ሲታደስ አካሄዷ እንደሚቀየር፣ ከፈለገ ግን እኔ ወይም አንተ እሷን መስለን መምታት እንደምንችል። ሁለቴ አነበበው። «እናንተ አትችሉም፣ ልጆች ነበራችሁ» አለና ስልኩን ተቀበለኝ።

ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። በጣቱ ሁለቴ መታ፣ ቶሎ ቶሎ። ቆም አለ። እኔ ዘነጋው ብዬ ልነግረው ስል ሦስተኛዋን አሳረፈና ጣቱን በመስታወቱ ላይ ቀስ አድርጎ ጎተታት፣ ጠርዙ ድረስ። ትክክለኛዋ እሷ ናት አለኝ፤ አንተም እኔም ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ አሳጥረናት ነበር።

ስልኩን ቀኝ ኪሱ ከተተና ደውይልኝ አለኝ። ከፊቱ እንደተቀመጥኩ ደወልኩለት። እጁን በኪሱ ላይ ጭኖ ዓይኑን ጨፈነ። አላነሳውም፣ እኔም አልዘጋሁትም።

እህትህ